ቤተ ሙከራው ተቆልፎ የሚውለው በመምህሩ እምነት ነው ወይስ በትምህርት ቤቱ ሁኔታ?

የመንዝ መምህርት (ጠያቂ)

ሰላም ባልደረቦቼ። ከመሐል ሜዳ ብዙም በማይርቅ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ። አሳጥሬ ስጠይቅ ሁልጊዜ የሚመለስልኝ «ዕቃ በሌለበት ምን ይደረጋል?» የሚል ብቻ ነው።

በእኛ ትምህርት ቤት ግን ዕቃ አለ። ቢከሩ፣ የሙከራ ቱቦው፣ ቡሬቱ፣ ሚዛኑ፣ ጊዜያቸው ያላለፈ አንዳንድ ኬሚካሎችም በቤተ ሙከራው መደርደሪያ ላይ ተደርድረዋል። ያልተከፈተ ካርቶንም አለ። በሩ የሚከፈተው እንግዳ ሲመጣ ነው።

ጥያቄውን ያስነሱብኝ ሁለት ባልደረቦቼ ናቸው። አንደኛው ወደ እኛ ከመዛወሩ በፊት ቆላ ያስተምር ነበር። እዚያ ሳለ ተማሪዎቹ ጋዝ ሲሰበስቡ፣ ኖራ ውሃ በትንፋሻቸው ሲያደፈርሱ የተነሣውን ፎቶ አሳይቶኛል። እዚህ ከመጣ በኋላ ጠመኔውን ይዞ ይገባል፣ ሰሌዳውን ሞልቶ ይወጣል። ሰውየው ያው ነው። ስለ ሳይንስ ያለው አመለካከት በዝውውር ደብዳቤ አልተለወጠም። ሁለተኛዋ ባልደረባዬ ደግሞ ዕድሜያቸውም ልምዳቸውም ከእኔ የሚበልጥ፣ በጣም የማከብራቸው መምህርት ናቸው። እሳቸው በሩ ወለል ብሎ ቢከፈትም ተማሪ ይዘው አይገቡም። «መጀመሪያ ትርጉሙን ይያዝ፤ ቃሉን ያልያዘ ተማሪ ሙከራውን እንደ ትርኢት ዓይቶ ይወጣል» ይላሉ። የሚሉትን ከልባቸው ያምኑበታል። ተማሪዎቻቸውም በፈተና መጥፎ ውጤት የላቸውም። እንግዲህ አንዱን የያዘው ሁኔታው፣ ሌላዋን የያዛቸው እምነታቸው ይመስላል፤ ክፍላቸው ውስጥ ገብቶ ለሚያይ ሰው ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው።

ሁኔታ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ላስረዳ። ዕቃው ከንብረት ክፍል በሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ቅጽ) በመምህሩ ስም ይወጣል። አንድ የሙከራ ቱቦ ከተሰበረ ተጠያቂው ፈራሚው ነው። በየክፍሉ ያለው ተማሪ ብዛት ደግሞ ይታወቃል። በዚህ ደመወዝ የቤት ኪራይ የሚከፍል መምህር ሃምሳ ልጅ በመስታወት መካከል ለማሰለፍ ልቡ ቢፈራ አልፈርድበትም።

እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። የአሲድና ቤዝ ትምህርት ላይ ስደርስ ከቤቴ እርድ ይዤ ሄድሁ። በአልኮል በጥብጬ ወረቀት ነከርሁበትና አደረቅሁት፤ ቢጫ ወረቀት ሆነ። አመድ በውሃ በጥብጬ አጠለልሁ። ከዚያ ክፍሉን የጠየቅሁት በአማርኛ ነበር፦ «አልጫ የነካው ነጠላ በሳሙና ሲታሽ እድፉ ምን ይሆናል?» ሴቶቹ ከየጥጉ «ይቀላል!» አሉ። ወንዶቹ አያውቁትም ነበር። ወረቀቱን የአመዱ ውሃ ውስጥ ስነክረው ደም መሰለ። ሎሚ ሳንጠባጥብበት ተመልሶ ቢጫ ሆነ። በዚህ ጊዜ ዓመቱን ሙሉ ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ ከኋላ ተነሣና «መምህርት፣ ቀለሙ እንዲህ የሚመላለስ ከሆነ ሳሙናው እድፉን አጠበው የምንለው መቼ ነው?» አለ። በጣም ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በኖት ማስገልበጥ አይመጣም።

በዚያው ሰሞን የክፍል ምልከታ ያደረገልኝ ሱፐርቫይዘር የሰጠኝ ግብረ መልስ ግን «የማስታወሻ አጻጻፍ ይሻሻል» የሚል ነበር። ቅጹ ላይ ያንን የሚሞላበት ሣጥን አለ፤ የልጁን ጥያቄ የሚሞላበት የለም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። የሳይንስ ትምህርታችን እንዲሻሻል ከየት ይጀመር? መምህሩን ከማሳመን ወይስ ሁኔታውን ከመለወጥ? በተለይ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ያላችሁ ያያችሁትን ብታካፍሉኝ።

ፊዚክስ ከደብረ ብርሃን

እኅቴ፣ ጥያቄሽ የብዙዎቻችን ነው። እኔ ጡረታ ልወጣ የተቃረብሁ የፊዚክስ መምህር ነኝ። በእኔ እይታ ከዕቃውም ከፊርማውም በፊት የሚመጣው፣ መምህሩ ሳይንስን ምን ብሎ እንደሚያስበው ነው። ያለቀለት እውነት ነው ብሎ የሚያምን መምህር ሙከራ ቢሠራም እንኳ የሚሠራው መጽሐፉን ለማስመስከር ነው።

ምሳሌው እዚሁ ደጃችን ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛውን አይሞላም። ስለዚህ ንጹሕ ውሃ እዚህ የሚፈላው ወደ 91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ነው። መጽሐፉ 100 ይላል፤ በእርግጥ «በባሕር ጠለል የአየር ግፊት» የሚል ሐረግም አለው፤ ማንም ግን አያነበውም። ተማሪ ቴርሞሜትር ነክሮ 91 ሲያነብ ብዙ መምህራን ምን እንደሚሉ ሰምቻለሁ፦ «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል፤ 100 ብላችሁ ጻፉ።» ልጁ በገዛ ዓይኑ ያየውን ትቶ የተጻፈውን ይገለብጣል። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ሳይንስ ማለት የሌላ አገር ሰው ያየው ነገር ነው ብሎ ይይዛል።

አንድ ጊዜ ሸዋ ሮቢት ካለ ወዳጄ ጋር ተነጋግረን በአንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት ሁለታችንም ተማሪ ይዘን ውሃ አፈላን። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር እንኳ አይሞላም። የእነሱ ውሃ 96 ላይ ፈላ። ውጤቱን በስልክ ስንለዋወጥ የእኔ ተማሪዎች መጀመሪያ «ቴርሞሜትር እንቀያየር» አሉ፤ ጠርጥረው ማለት ነው፤ መጠርጠራቸው ደግ ነው። ቀጥሎ አንዷ ልጅ ተነሥታ «እናቴ ለዚህ ነው ባቄላ እስኪበስል ግማሽ ቀን የምትማግደው» አለች። አንድ ዞን ውስጥ ሆነን፣ ጣርማ በርን ወጥቶ መውረድ ብቻ የሚጠይቅ፣ ከየትኛውም ቤተ ሙከራ የሚበልጥ ሀብት አለን።

ስለ ሁኔታ ያነሣሽውንም አልክድም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ትምህርቱ በሳተላይት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይተላለፍ በነበረበት ጊዜ ማስተማር የጀመሩ ልጆች ነበሩን። ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን የሚወስደው ስክሪኑ ነበር፤ መምህሩ አስተዋውቆ ያበራል፣ አጠቃልሎ ያጠፋል። ከእነዚያ ወጣቶች አንዳንዶቹ «መምህር ማለት የሚያስተላልፍ ነው» የሚል አመለካከት የያዙት ሌላ ዓይነት ማስተማር ስላልሞከሩ ነው። ሁኔታው እምነት ይወልዳል፤ ፕላዝማው ከተነሣም በኋላ እምነቱ ይቀራል።

ርዕሰ መምህር ነኝ

መምህርት፣ የእርድ ሙከራዎን አንብቤ ወድጄዋለሁ። ግን በእኛም ወንበር ሆነው ይዩት። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። ይህ ቁጥር በወጣ ማግስት ወላጅ ግቢያችንን ሞልቶ ሲመጣ የሚጠይቀው ሙከራ ሠራችሁ ወይ ብሎ አይደለም። አንድ አባት ከገጠር ድረስ መጥተው የልጃቸውን ደብተር ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው «ባዶ ነው፤ ታዲያ ምን ይማራል?» ብለውኛል። ለሳቸው የተማረ ደብተር የተጻፈበት ደብተር ነው። እኔም ፖርሽን (የተመደበለትን የትምህርት ይዘት) ያልሸፈነ መምህር ሲመጣብኝ ለወረዳው መልስ መስጠት አለብኝ። መምህራኑ ባይፈልጉ ኖሮ አንድ ነገር ነው፤ ብዙዎቹ ይፈልጋሉ፤ ጊዜውና ፈተናው ነው የማያፈናፍናቸው።

የመንዝ መምህርት

ጋሼ፣ የውሃውን ነገር በሚቀጥለው ሳምንት እሞክረዋለሁ። እኛ ከናንተም ከፍ እንላለን፤ ውሃው የሚፈላበት ዲግሪ ከደብረ ብርሃኑ ዝቅ ማለት አለበት ብዬ እጠብቃለሁ። ሸዋ ሮቢት ያሉትን ወዳጅዎን ካስፈቀዱልኝ በሦስት ቦታ እናደርገዋለን።

ክቡር ርዕሰ መምህር፣ ያሉት ጭንቀት እውነት ነው፤ አላቃልለውም። ነገር ግን 3.3 በመቶው የወጣው አብዛኛው ክፍል ሙከራ ሲሠራ ስለከረመ አይደለም። ኖት ሲገለብጥ ከርሞ የመጣ ውጤት ነው። ያ ዘዴ ለፈተና ያዋጣል የሚለውን እምነት ቁጥሩ ራሱ ይጠራጠረዋል። ስለ ደብተሩም መላ አለው፦ እኔ የክፍለ ጊዜውን የመጨረሻ ደቂቃዎች ተማሪዎቹ ያዩትን በራሳቸው ሠንጠረዥ እንዲያሰፍሩ አደርጋለሁ። ፈሳሹ፣ የወረቀቱ ቀለም፣ አሲድ ወይስ ቤዝ። ደብተሩ ባዶ አይሆንም፤ አባትየውም ልጃቸው ያየውን ማንበብ ይችላሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። የኔዎቹ ልጆች በእንግሊዝኛ ስጠይቅ ጸጥ ይላሉ፤ በአማርኛ ስጠይቅ ክፍሉ ይሞላል። ባልደረቦቼ መካከል «አማርኛ ከተናገርህ ሳይንስ አላስተማርህም» የሚል ጽኑ እምነት ያላቸው አሉ። እኔ መጀመሪያ በሚያስቡበት ቋንቋ እጠይቃቸዋለሁ፤ ከዚያ የእንግሊዝኛውን ቃል እሰጣቸዋለሁ፤ ፈተናው በእሱ ነውና። ቃሉ ዓይተው ለሚያውቁት ነገር ስም ሲሆንላቸው ቶሎ ይይዙታል።

የመምህራን አሠልጣኝ

በኮሌጅ ዕጩ መምህራንን አሠለጥናለሁ። ጥያቄሽ እኔን በቀጥታ ይነካል፤ ምክንያቱም «መጀመሪያ መምህሩን እናሳምን» የሚለው ሥራ የእኛ ተደርጎ ስለሚታሰብ።

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዳን ሎርቲ በ1975 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ያነሣው ነጥብ አለ። መምህር የሚሆን ሰው ሥልጠና ከመጀመሩ በፊት ለሺህ ሰዓታት ወንበር ላይ ተቀምጦ መምህራንን ሲመለከት ኖሯል። ስለ ማስተማር ያለው ሥዕል የተሣለው ያኔ ነው። ወደ እኛ የሚመጡት ልጆች ደግሞ ከናንተ ክፍል ነው የሚመጡት። ሰሌዳ ሲሞላ ያደገ ልጅ፣ ስለ አሳታፊ ዘዴ የቱንም ያህል ብናስረዳው፣ ለልምምድ ማስተማር ሲወጣ ሰሌዳ ይሞላል። እኛ ራሳችን አሳታፊ ዘዴን በገለጻ ስናስተምር ያየውን ነው የሚደግመው፤ ይህ የኮሌጆቻችን ትልቅ ጉድለት ነውና ደግሜ ደጋግሜ እናገረዋለሁ።

ሁለተኛው ነጥብ የአሜሪካዊው የትምህርት ተመራማሪ የቶማስ ጋስኪ ነው፤ 1986፣ ይህም እንደ አውሮፓውያን። የመምህር እምነት የሚለወጠው በሥልጠና አምኖ ሲወጣ አይደለም፤ አዲስ ነገር ሞክሮ በገዛ ተማሪዎቹ ላይ ለውጥ ሲያይ ነው ይላል። ስለዚህ «ማሳመን ይቅደም ወይስ ሁኔታው?» ብለሽ ስትጠይቂ እኔ የምመልሰው፦ ትንሿ ሙከራ ትቅደም። ሁኔታውን ማቅለል የሚያስፈልገው ያቺ አንዲት ሙከራ እንድትቻል ነው። ታላቂቱን መምህርት በክርክር አታሸንፊያቸውም፤ ማሸነፍም አይገባሽም። ያ ዝምተኛ ልጅ የጠየቀውን ጥያቄ በዓይናቸው እንዲያዩ ክፍልሽ ጋብዣቸው። ከቻልሽ ትርጉሙን እሳቸው በሚፈልጉት መንገድ አስቀድመው እንዲሰጡ፣ ሙከራውን አንቺ እንድትመሪ ተስማሙ። የሚሉት ሐሳብም መሠረት አለው፤ የሚያየውን ነገር ምን ብሎ እንደሚጠራ የማያውቅ ተማሪ ቀለም ሲቀያየር ዓይቶ ሊወጣ ይችላል።

ርዕሰ መምህሩን ግን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። የክፍል ምልከታ ቅጹ ላይ «ተማሪዎች ምን ጠየቁ?» የሚል አንድ መስመር መጨመር ከማንም ፈቃድ ይጠይቃል?

ርዕሰ መምህር ነኝ

የውስጥ ምልከታችን ቅጽ በእጃችን ነው። ለሁለተኛው መንፈቅ ዓመት እጨምረዋለሁ። የወረዳው ቅጽ ግን የእኔ አይደለም።

ባዮሎጂ ከጓሳ አጠገብ

በአጭሩ እኔም ልበል። እኛ ጋ ቤተ ሙከራ የሚባል ክፍል ራሱ የለም፤ ጓሳ ግን አለ። አያቶቻችን በቄሮ ሥርዓት ከልለው፣ ሣሩ መቼ ታጭዶ መቼ እንደሚያርፍ ወስነው ለዘመናት ያቆዩት መሬት ነው። ተማሪዎቼ ጭላዳ ምን እንደሚበላ፣ ቀይ ቀበሮ ለምን አይጥና ፍልፈል ባለበት እንደሚዞር ከመጽሐፉ ቀድመው ያውቃሉ። ገመድ ወስደን አንድ ሜትር በአንድ ሜትር እንወጥራለን፤ የተጋጠ ቦታ ላይና ያልተጋጠ ቦታ ላይ ስንት ዓይነት ሣር እንዳለ ይቆጥራሉ።

ችግሬ ዕቃ አልነበረም። የተማሪዎቼ ወላጆችም ተማሪዎቹም «የምናውቀው ነገር ትምህርት አይደለም» ብለው ማመናቸው ነበር። ከብት ጠባቂ የሚያውቀው ነገር በሥነ ምኅዳር ምዕራፍ ውስጥ ሲገባ እንደ ማቃለል ያዩታል። ይህንን ለመስበር ሽማግሌ ጋብዤ ስለ ሣሩ ዕረፍት ተማሪ ፊት አስተረክሁ፤ ከዚያ ቁጥራችንን አቀረብንላቸው። እሳቸው ጥያቄ ሲጠይቁ የልጆቹ ፊት ተለወጠ። የመምህሩን እምነት ብቻ አትመልከቱ፤ የአካባቢውም አለ።

የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን፣ ከቆላ

መምህርት፣ ያ የተዛወረው ባልደረባዎ እኛ ጋ የነበረ ሰው ይሁን ሌላ አላውቅም፤ ግን ታሪኩን አውቀዋለሁ። እዚህ ሙከራ የሚሠራው ጎበዝ ስለሆነ ብቻ አልነበረም። ሦስት ነገር ነበረው፦ ዕቃ የሚያዘጋጅለትና የሚያጥብለት ቴክኒሻን፣ ከጎኑ የሚሞክር ሌላ መምህር፣ የተሰበረ ዕቃ ከደመወዙ እንደማይቆረጥ ማረጋገጫ። ሦስቱን ከሰው ላይ አንሥታችሁ «ለምን አትሠራም?» አትበሉት።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በዚህ በኩል ካለፈ በኋላ ቤተ ሙከራችን ባዶ ግድግዳ ነበር። ያን ጊዜ መምህራኑ በውሃ ላስቲክና በጄሪካን ጀመሩ። ዕቃ ሲሟላልን ደግሞ ብርጭቆው መጣና ፍርሃቱም አብሮ መጣ። የተፈታው በወረቀት ነው።

የመንዝ መምህርት

ወንድሜ፣ የወረቀቱን ነገር በዝርዝር ቢነግሩኝ። ርዕሰ መምህራችን ቀና ሰው ናቸው፤ የሚፈሩት ኦዲት ነው። ምን ይዤ ልቅረባቸው? ባልደረባዬንም አብሬው ልጠይቀው አስቤያለሁ።

የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን፣ ከቆላ

በደስታ። እኛ ያደረግነው ይህ ነው። መጀመሪያ ቴክኒሻኑና ንብረት ክፍሉ ተቀምጠው ቋሚ ንብረት የሆነውንና በአጠቃቀም የሚያልቀውን ለዩ። ማይክሮስኮፕ፣ ሚዛን፣ ፓወር ሰፕላይ በቋሚነት ተመዝግበው ቀሩ። የሙከራ ቱቦ፣ ጠብታ ማንጠባጠቢያ፣ ትንንሽ ቢከር በአላቂ ዕቃ ተያዙ። ከዚያ የትምህርት ቤቱ አስተዳደርና የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት ሰብሳቢው የተፈራረሙበት ቃለ ጉባዔ ተጻፈ፦ በሙከራ ሂደት የተሰበረ አላቂ ዕቃ በዕለቱ በስብራት መዝገብ ከተመዘገበ መምህሩ አይጠየቅም፤ በቸልተኝነት መሆኑ ከታመነ ግን ኮሚቴው ያየዋል። ይህችን የመጨረሻዋን ሐረግ አትተዋት፤ ርዕሰ መምህሩ እንዲፈርሙ ያደረገቻቸው እሷ ናት።

መዝገቡ ላይ ቀኑ፣ ክፍሉ፣ የሙከራው ርዕስ፣ የተሰበረው ዕቃና የሁለት ሰው ፊርማ ይግባ። ዕቃውም በመምህሩ ስም ሳይሆን በቤተ ሙከራው ኃላፊ ስም ይውጣ፤ መምህሩ ለክፍለ ጊዜው በውሰት ቅጽ ይውሰድ። ቴክኒሻን ከሌላችሁ አንዱ መምህር ጥቂት ክፍለ ጊዜ ተቀንሶለት ኃላፊነቱን ሊይዝ ይችላል፤ ባልደረባዎ ልምዱ ስላለው ለዚህ ይስማማል ብዬ አስባለሁ። ስብርባሪውን ደግሞ አትጣሉት። በካርቶን አድርጋችሁ ቀኑን ጻፉበትና አስቀምጡት፤ ኦዲተር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።